የጋሼ ሰቦቃ ሶላርና የእኔ አቮካዶ

ጣሪያው ላይ ሶላር ያሰቀለ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ የፀሐይ የቅርብ ዘመድ ነው። ስትወጣ እሱ ጠርቶ ያመጣት ይመስለዋል፤ ስትጠፋ በሰው ፊት የተዋረደ ያህል ይከፋዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጅግጅጋ ቢኖር አይገርመኝም። የእኛው ግን የሚኖረው መቱ ነው፤ ደመና ለእንግድነት መጥቶ ቤት ተከራይቶ በሚቀርበት አገር።

ክቡር የፀሐይ ጉዳይ ኃላፊ ጋሼ ሰቦቃ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ያዮ ውስጥ ቡና ሲያስደርቁ ስለኖሩ ሰማይን ማንበብ ያውቃሉ። ጠዋት ደመናው ገለጥ ካለ በራፋቸው ላይ ቆመው «አዱን ባቴ!» ይላሉ፤ ፀሐይ ወጣች ማለታቸው ነው። ባልወጣችበት ቀንም ይላሉ፤ ለማበረታታት።

ቤታቸው የመጣ እንግዳ ወንበር ሳይሰጠው ወደ ጓሮ ይወሰዳል። እዚያ ጥቁር የተቀባ በርሜል ቆርቆሮ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ ያሞቃል። «እጅህን አምጣ! ቀስ፣ እንዳያቃጥልህ!» ይሉታል። እንግዳው ለብ ባለው ውሃ እጁን እያሻሸ «ኧረ ጉድ ነው!» ይላል፤ ምን ያድርግ? ባለቤታቸው እትዬ ተስፋነሽ ግን ገላቸውን የሚታጠቡት በከሰል ባሞቁት ውሃ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔና የጋሼ ጠብ አቮካዶ ነው። የእናቴ ዛፍ አንድ ቅርንጫፉ አጥር ተሻግሮ ወደ ሶላራቸው ያጋድላል። ባትሪያቸው በደከመ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

«አልጣሽ! ያ ዛፍሽ ዛሬም ፀሐዬን በላት!»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሲዘንብ ነው የዋለው።»

«ከዝናቡ በላይ ፀሐይ አለች። ያላሳለፋት ያንቺ ቅርንጫፍ ነው!»

ቅርንጫፉን አልቆርጥም፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያፈራው እሱ ነው፣ እናቴም ትሳሳለታለች።

ባለፈው ክረምት ጎሬ መንገድ ላይ ዛፍ ወደቀና የመብራት ምሰሶ ይዞ ተጋደመ። መብራት ጠፋ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እናቴ ወለተ ማርያም የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊኗ ፍሪጃችን ውስጥ ነበር። መድኃኒት ቤቱን ብጠይቅ «ይኸው አለቀ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው» አሉኝ። ያለን እሱ ብቻ ነው፤ ሞቆ ከተበላሸ እናቴን ምን እንደማደርጋት አላውቅም። ብልቃጦቹን ታቅፌ ወደ ጠበኛዬ ቤት ሮጥኩ።

ጋሼ ሰቦቃ የዛፉን ነገር ትተው ብልቃጦቹን ተቀበሉኝ። ከትንሿ ፍሪጃቸው ቅቤውንም ሥጋውንም አወጡ። ቴሌቪዥናቸውን ነቀሉ፣ አምፖላቸውን አጠፉ፣ በኩራዝ አመሹ። ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ማሎ፣ ይቅርታ! ይህች ፀሐይ የእትዬ ወለተ ናት!» እያሉ ከበር መለሱት። ወንበራቸውን ፍሪጁ አጠገብ አድርገው እንደ ዘበኛ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ዶፍ ዘነበና አባራ። ረፋድ ላይ ጋሼ በአጥሩ ብቅ አሉ። አልጮኹም።

«አልጣሽ፣ ፍሪጁ ቆሟል።»

ዛፉን ቢረግሙ ይሻለኝ ነበር። ቅርንጫፉን ልቆርጥ ገጀራዬን ይዤ መጣሁ፤ እሳቸው መሰላሉን ደገፉልኝና ጣሪያቸው ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ተገልጧል፣ ቆርቆሮው ይፋጃል። ሶላሩ ግን የለም! ቀረብ ብዬ ሳይ ሸራ ለብሷል፤ አራቱም ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ልክ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በዝናብ ሰዓት እንደሚሸፈነው። ለካ የጋሼ እጅ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን አልተወም፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጠው ወጥተው ይሸፍኑታል፣ ሲያባራ ይረሱታል። አቮካዶዬ ስንት ዘመን በሐሰት ተከሰሰ!

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ቁልቁል ሳያቸው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ እኔ አንጋጠዋል።

«ምንድነው ልጄ? አገኘሽው?»

ይህ ሰው የእናቴን መድኃኒት ሊያበላሽ የነበረው እሱ ራሱ እንደሆነ እንዲያስብ አልፈለግሁም። ሸራውን ገፍፌ ጠቀለልኩና ወደ እኛ ግቢ ወረወርኩት። ከዚያ ገጀራዬን አነሳሁና ያን ምስኪን ቅርንጫፍ ገነደስኩት።

«ቅርንጫፉ ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ተስፋነሽ ከውስጥ «ተነሣ! ፍሪጁ ተነሣ!» ብለው እልል አሉ። ወርጄ ብልቃጦቹን ነካሁ፤ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። እፎይ! የጋሼ የዘበኛ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ፤ እየሳቅሁ ነው የማለቅሰው። እሳቸውማ ወደ ቀድሞ ክብራቸው ተመልሰው «አልነገርኩሽም!» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት።

መብራቱ ከመጣ ሰነባብቷል። እናቴ ስለ ቅርንጫፏ እስካሁን ታኮርፈኛለች። ጋሼ ሰቦቃ የድሮውን ሸራ ንፋስ ወሰደው ብለው አዲስ ገዝተዋል። ዝናብ ሲመጣ እሳቸው ወጥተው ይሸፍናሉ፤ ሲያባራ እኔ ወጥቼ እገልጣለሁ። «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?» ሲሉኝ «ቅርንጫፉ እንዳያቆጠቁጥ እያየሁ ነው» እላቸዋለሁ። እዚያ ቆሜ ደመናው ሲገለጥ ካየሁ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ እጮሃለሁ፦

«አዱን ባቴ!»