ወተት የሚስብ ዋግምት

በየሰፈሩ አንድ ተዋሽ አለ። ተዋሽ የሌለበት ሰፈር ካለ እሱ ሰፈር አይደለም፤ ሰው ተከራይቶ የተከማቸበት ግቢ ነው። ሐይቅ ከተማ ድርሻዋን ከእኛ በር ፊት ለፊት አስቀምጣለች፦ ክብርት እትዬ ባንቺአየሁ፣ በውሰት ጉዳይ ባለ ሙሉ ሥልጣን። የመመለስ ጉዳይ እሳቸውን አይመለከትም።

ሲመጡ አያንኳኩም። በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ «ሠርኬ፣ ለአንድ አፍታ!» ይላሉ። የእሳቸውን አፍታ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቢመረምሩት ደስ ይለኛል። ወንፊቴ ለአንድ አፍታ እንደ ወጣ ፋሲካ ዞሮበታል። ጃንጥላዬን ለግሸን መንገድ ወሰዱት፤ ለእኔ ጠበል ይዘውልኝ ተመለሱ፤ ጃንጥላው እዚያው ተራራ ላይ ሳይመንን አልቀረም። ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን ሳሊሕ መፍቻውን ከተዋሱት ወዲህ ሲያያቸው እጁን ባጃጁ ላይ ያሳርፋል።

«እትዬ፣ ይቺን እንኳ ይተዉልኝ! ወላሂ የልጆቼ እንጀራ ናት።»

«አንተ ደግሞ! መንዳት ብችል ትናንት ወስጃት ነበር» ይሉታል።

እየሩስን የወለድሁ ጊዜ እህቴ ከደሴ የጡት ወተት መሳቢያ ላከችልኝ። ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው፤ ጎማ የመሰለ ለስላሳ ሲሊኮን ነው፤ አፉ እንደ ጥሩምባ ሰፋ ያለ፣ ሆዱ እንደ ጠርሙስ። ሆዱን ጨመቅ አድርገው ጡት ላይ ሲያሳርፉት ራሱ ስቦ ይጣበቃል። እየሩስ ግራውን ስትጠባ ቀኙም አብሮ ይወርዳል፤ ያኔ ቀሚሴን ያበሰብስ የነበረው ወተት እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። እትዬ ባንቺአየሁ አንገታቸውን አስግገው አዩትና አማተቡ።

«ይኼማ ዋግምት ነው! ደሙን ትቶ ወተት የሚስብ ዋግምት!»

«ዋግምት አይደለም እትዬ። ልጅ ባንዱ በኩል ሲጠባ ነው በሌላው የሚወርደው፤ ይኼ የወረደውን ይቀበላል እንጂ በጉልበት አያመጣም።»

«አያምሽም?»

«አያምም።»

«እንግዲያው ለአንድ አፍታ አውሺኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የልጅ ልጅ ያዩ ሴት! «ለምንዎ ነው ደግሞ?» አልሁ። እንደ ወትሯቸው ይመልሱልኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ወረደ።

«ለማርያማዊት ነው» አሉ።

ማርያማዊት ልጃቸው ናት፤ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ቢያድግልኝን ወልዳ ሦስት ወር ሲሞላው ሥራዋ ጠራት፤ ሕፃኑ ሐይቅ ከአያቱ ጋር ቀረ፤ ያኔ ስድስት ወር አልፎት ነበር። የልጁ አባት? እሱም ለአንድ አፍታ ብሎ ወጥቶ የቀረ ነው። ማርያማዊት ቅዳሜ ማታ ትመጣለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። በመካከሉ ባለው ቀን ሁሉ ጡቷ ልጅ ይፈልጋል። ሽንት ቤት ገብታ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ወተቷን በእጇ እያለበች ትደፋዋለች። የሰው ልጅ ምግብ ሽንት ቤት ይፈስሳል፤ ባለቤቱ ሐይቅ ተቀምጦ የላም ወተት በጡጦ ይጠባል፤ እኛ ደግሞ «እናት ጡቷን ታጥባ» የሚል ጨርቅ በየአደባባዩ እንሰቅላለን። በማን ሰዓት ታጥባ? ጨርቁን የሰቀለው ሰው መጥቶ ይመልስልኝ!

ጡጦ የለመደ አፍ ጡት ይረሳል። ባለፉት እሑዶች ቢያድግልኝ እናቱን እንደ እንግዳ እያየ ፊቱን ማዞር ጀምሮ ነበር። ወተቷም እየሸሸ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ እናትና ልጅን በሳምንት አንድ ቀን የሚያገናኘው ነገር ሄደ ማለት ነው።

ቅዳሜ መሳቢያውን በፈላ ውሃ ቀቅዬ ሰጠኋቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ በሬ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሠርኬ፣ ለአንድ አፍታ።»

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?»

«እየሩስን አውሺኝ።»

«ልጅ ይዋሳል እንዴ? አበዱ?»

«አላበድሁም። ዋግምትሽ እምቢ አለ፤ ጠብ ጠብ አደረገና ቆመ። በሌላው በኩል የሚጠባ ልጅ ይፈልጋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? የኛው እምቢ ብሏል፤ ያንቺ ትጥባልን።»

«ሰው ምን ይላል እትዬ?»

«ሰውማ ስለ ወንፊትሽም ሲል ኖሯል፤ ምን አጎደለብኝ?»

ልጄን አቅፌ ተከተልኋቸው።

ማርያማዊት መደቡ ላይ ተቀምጣ የልጇን ያልታጠበ ካናቴራ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

«ኮምቦልቻም ይዤው ነው የምተኛ» አለችኝ፣ እያፈረች። «ካናቴራውን ሳሸተው ወተቱ ይወርዳል። ልጁን ራሱን ሳቅፈው ያለቅሳል። ሠርኬ፣ ሌላ ሴት መሰልሁት እኮ!»

እየሩስን ሰጠኋት። ልጄ ሆዳም ናት፤ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ጎረሰችው። ልጅሽ በሌላ ሴት ደረት ላይ ዓይኗን ስትጨፍን ማየት ለካ እንዲህ ያማል። እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜ ይህን ያህል ካመመኝ፣ ማርያማዊት ምን ይዛ ነው በየሳምንቱ መኪና የምትሳፈረው?

መሳቢያውን ጨምቄ በሌላው ጡቷ ላይ ለጠፍሁት። አንድ ጠብታ ወረደ። ቆየ። ሌላ ወረደ። ከዚያ ዝናብ እንዳባራ የጣራ ጠፈጠፍ ተከታተለ።

«ወረደ! እመብርሃን፣ ወረደ!» አሉ እትዬ።

ቢያድግልኝ በአያቱ ጭን ላይ ሆኖ ጡጦውን ያኝካል። ዞር አለ። እናቱ ደረት ላይ አንዲት የማያውቃት ራሰ በራ ተንፈላስሳ ተጋድማለች። ጡጦው ከእጁ ወደቀ። የጮኸው ጩኸት ሐይቁን ተሻግሮ እስጢፋኖስ ገዳም ያሉትን መነኮሳት ሳያስደነግጥ አልቀረም። ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እናቱ ተወረወረ።

«ቀማኛ መጣብህ አይደል?» አሉ አያቱ፤ «እንዲያ ነው! የራስህን አስመልስ!»

እየሩስን ነጠቅሁ፤ እሱን በቦታዋ አስገቡት። ያዘ፣ ለቀቀ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ያዘ። ከዚያ የመዋጡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ማርያማዊት ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ እንዳይበርርባት የፈራች ትመስላለች።

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተነፋ። መናኸሪያ የሚያደርሳት ሳሊሕ ነው።

«ማርያማዊት! ኧረ መኪናው ይሞላል!»

አልተነሣችም። «እማ፣ ዛሬ ከለቀቅሁት አይመለስልኝም።»

«ማን ልቀቂው አለሽ?» እትዬ ባንቺአየሁ ተነሡ። ከግሸን በቀር ከሐይቅ ርቀው የማያውቁ ሴት ነጠላቸውን አጣፉ፤ የሕፃኑን ልብስ በፌስታል ጠቀጠቁ። «ሳሊሕ! ሦስት ነን፣ ቦታ አስይዝ! የሰው ልጅ ተውሼ ያስታረቅሁትን ለጡጦ አልመልሰውም!»

«እትዬ፣ ኮምቦልቻ ማንን ያውቃሉ?» አልኋቸው።

በሩን እየቆለፉ ገላመጡኝ። «ለምን፣ እዚያ ጎረቤት የለም?»

አሁን ሦስቱም አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ናቸው። ጠዋት ማርያማዊት ሥራ ከመግባቷ በፊት ቢያድግልኝ ባንዱ ይጠባል፣ መሳቢያው በሌላው ይሞላል፤ ያን እትዬ ረፋዱ ላይ በማንኪያ ይሰጡታል። ምሳ ሰዓት ልጁን አዝለው ፋብሪካው አጥር ሥር ይቆማሉ፤ እናቱ ወጥታ እዚያው ፀሐይ ላይ ታጠባዋለች። አጥር ሥር! ያን ሁሉ አዳራሽ የሠራ ሰው አንዲት ክፍል አጣ? እንዲህ ብዬ ያልጮኽሁበት የቀበሌ ስብሰባ የለም። የእኔ ጩኸት ግን እስካሁን አንድ ጠብታ አላወረደም፤ የእሳቸው «አውሺኝ» አወረደ።

ከፊት ለፊታችን ያለው በር ተቆልፏል። እየሩስ ወደዚያ ትንጠራራለች። እኔም ውጭ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሥራዬን ትቼ ብድግ እላለሁ፤ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል። ከእሳቸው የተረፈው ዕቃ በየቦታው ተቀምጧል፤ ፈላጊ የለውም። የሞላ ቤት እንዲህ ጭር እንደሚል፣ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

ትናንት ሳሊሕ «በኛ በኩል ካንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው» አለኝ። «ስንት ጊዜ መጥባት እንዳለባት ሼኾቹ ይወቁት፤ እኔ ግን ቆጥሬያቸዋለሁ።» እኛም ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ። እንግዲያው ቢያድግልኝ የእየሩስ ወንድም ነው፤ አያቱም ዘመዴ ናቸው። ዘመድ ደግሞ አይዋስም፤ የፈለገውን አንሥቶ ይሄዳል።

ይምጡና ይውሰዱ።