ሰባት አክስት የምትችለዋ ፔጆ

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ቀዳዳ ድፈንልኝ ብለህ ዕቃ ትወስድለታለህ። ስትመለስ ዕቃህ ብልት በብልት ተፈታትቶ ጆንያ ላይ ተሰጥቷል፤ እሱ ደግሞ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በፍቅር ያየዋል። ብትቆጣው አይገባውም። "ውስጡን ልየው ብዬ እኮ ነው!" ይልሃል፣ እንደ ተበደለ ሰው።

የአሰበ ተፈሪ ድርሻ ክቡር አቶ ተሻለ ነበሩ። ሙያቸው የመኪና ላሜራ መቀጥቀጥ፣ በጋራዥ ቋንቋ ባትላሜራ፤ የሥራ ቦታቸው ወደ ሚኤሶ መውጫ ካለው ግራር ሥር። መዶሻ ከያዙ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላትም አይክድም። ችግሩ የተዘጋ ነገር አይተው ማለፍ አለመቻላቸው ነው። የባለቤታቸውን የወይዘሮ እቴነሽን የነጭ ጋዝ ምድጃ ሦስት ጊዜ ፈተዋል። በ1975 ዓ.ም. የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መያዣው ተሰብሮ እንዲበይዱት ቢሰጣቸው፣ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብኝ ብለው ሆዱን ዘረገፉት። ለሁለት ሳምንት ስብሰባ የሚጠራ ጠፋ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ መረቃቸው።

የከተማው ሰው ዓሊዩ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ፔጆውን የወሰደላቸው፤ ሌላ ባትላሜራ ፍለጋ ድሬዳዋ ድረስ መሄድ ነበረበትና። ፔጆዋ 404 ናት፤ ከጃንሆይ ዘመን የተረፈች፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት። ጉዳዩ የሚቀለድበት አልነበረም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ ጣሂራ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ወደ መቻራ ልትዳር ነው። "በሰው መኪና ከቤቴ አትወጪም" ብሎ ቃል ገብቶላታል። የሙሽራው ወገን ደግሞ የፔጆዋን እርጅና ሰምቶ፣ "ግድ የለም፣ ካልሆነ በቡና መኪናችን እንወስዳታለን" ብሎ ልኳል። ሙሽራ እንደ ጆንያ ተጭና! ዓሊዩ ይህን ሲያስብ እህል አይወርድለትም።

ሥራው ሁለት ነበር። ከኋላ ጎማ በላይ ስሙኒ የምታህል የዝገት ቀዳዳ አለች፤ እሷን መድፈን። ከዚያ ደግሞ የመቻራን መንገድ እንድትችል የተገዛላት ጎማ ከፍና ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ላሜራ እንዳይነካ የጎማውን ቤት ማስፋት።

አቶ ተሻለ ቀዳዳዋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጣታቸው ዘልቆ ገባ። ፊታቸው በራ።

"አየህ ዓሊዩ፣ ይህቺ ቀዳዳ አይደለችም፤ በር ናት። ወዴት እንደምትወስድ ብቻ ልየው።"

"ጋሽ ተሻለ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይከፍቱት!"

"ማን ይከፍታል? ማየት ነው እንጂ።"

ዓሊዩ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ፣ ከኋላ በር ወዲያ ፔጆ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱም ጎኖቿ ተቆርጠው መሬት ላይ ተጋድመዋል። "ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል፤ ስቱኮ ለቅልቄ ብሰጥህ መንገድ ላይ፣ በዴሳ ከተማ ሳትደርስ ትራገፍ ነበር" አሉ አቶ ተሻለ በደስታ። እውነታቸውን ነበር። ዓሊዩን የባሰ ያናደደውም እሱ ነው።

አዲሶቹን ጎኖች የሠሩት ከዘይት በርሜል ነው። በርሜሉን ሰንጥቀው ዘረጉትና በእንጨት መዶሻ እየመቱ ያባብሉት ጀመር። ዓሊዩ ሊቆጣ መጥቶ ቆሞ ቀረ። ጠፍጣፋው ብረት ቀስ በቀስ ጎበጥ፣ ከዚያ ለስለስ እያለ የፔጆን ጎን ሲመስል፣ ሳያስበው "ማሻ አላህ!" አለ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ከዚያ የጎማው ቤት ተራ ደረሰ።

"ስንት ሰው ነው የምትጭነው?" አሉት።

"ሙሽራዋንና ሦስት አክስቶቿን።"

"አቦ ተው! ሠርግ የሚሄዱ ሦስት አክስቶች አይቼ አላውቅም። ሰባት በል።"

ሰው ሲጫን መኪና ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ስትል ጎማዋ የት እንደሚነካ ማየት ፈለጉ። አክስቶችን ለልኬት ኑ ማለት ደግሞ ጠብ መጫር ነው። ስለዚህ በርጫ ላይ የነበሩ ሰባት ወንዶችን ጫታቸውን እንደያዙ አሳፈሯቸው። በቀኝ በኩል ጫት ነጋዴው በድሪ ተቀመጠ፤ እሱ ብቻውን ሁለት አክስት ይወጣዋል። አቶ ተሻለ በጀርባቸው ተጋድመው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሰዎቹ ግን አንወርድም አሉ። ጎኗ ገና አልተገጠመምና ነፋሱ እንደ ልብ ይገባል። "እንዲህ ያለ ነፋሻ ቤት የት ይገኛል፣ ወላሂ!" አለ በድሪ። በርጫው ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ፔጆ ውስጥ ሆነ፤ ሥራም ቆመ።

ሲገጣጠም የቀኙ ጎን በበድሪ ልክ ስለተሠራ ከግራው ሰፍቶ ወጣ።

"ጋሽ ተሻለ፣ አንዱ ዳሌዋ በለጠብኝ!"

"ወፍራሟን አክስት በቀኝ አስቀምጣታ።"

ረቡዕ ከሰዓት ዓሊዩ መኪናውን ሊረከብ ቢመጣ፣ ክቡርነታቸው የግራውን ጎን እንደገና ቆርጠውታል። "ቆይቼ ሳየው አልወደድኩትም" አሉ። ዓሊዩ ፈነዳ።

"ልጄን በቡና መኪና ሊያስጭኑብኝ ነው? ሐሙስ ነገ ነው እኮ! ከዚህ ሠርግ በኋላ ዓይንዎን እንዳላይ፣ ወላሂ!"

አቶ ተሻለ ቀና አላሉም። "ልጅቷ እስከ መቻራ ጎማ ላሜራ ሲፍቅ እየሰማች አትሄድም" ብለው ብየዳቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ጠዋት ፔጆዋ ደጅ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ነጭ፣ ኋላዋ የዝገት መከላከያ ቀይ፣ ቀለሙም ገና እጅ ላይ ይቀራል። አክስቶች ወጡ። ዓሊዩ ቆጠረ፤ ሰባት። ጣሂራ መካከላቸው ገባች። መኪናዋ ዝቅ አለች። ዓሊዩ ትንፋሹን ይዞ ነዳ፤ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለተኛው ጉድጓድ። ጎማው ምንም አልነካም።

ወደ በዴሳ መውጫው ላይ አቶ ተሻለ የክት ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ማንም አልጠራቸውም። ዓሊዩ የትናንቱን መሐላ አስታወሰና ሊያልፋቸው አሰበ፤ እግሩ ግን ፍሬን ያዘ።

"ድምፅ የላትም፣ ጋሽ ተሻለ።"

"አውቃለሁ" አሉ። ወደ ጎማው ዞር ብለው እንኳ አላዩም፤ የሚያዩት ጣሂራን ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዓሊዩ፣ ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እንደው ልጅ መዳር ምን ምን ይላል?"

ዓሊዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን ያልጠየቀው ይህንኑ ነበር። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

"ኩብራ፣ ጠጋ በይ። ጋሽ ተሻለ፣ ይግቡ፤ አብረን እንዳራት።"

"እንዴ! ማናቸው ደግሞ እሳቸው?" አለች ትልቋ አክስት ኩብራ።

"የእኛው ወገን ናቸው" አለ ዓሊዩ።

በዴሳ ሲቃረቡ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። ከአክስቶቹ ሁሉ አብልጠው የሚያለቅሱት አቶ ተሻለ ነበሩ። ዓሊዩ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅባቸው ብሎ መኪናዋን ቀስ አደረጋት።