የእትዬ አስቴር ግድግዳና የዘይነባ አንሶላ

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ሲያይ ብታገኙት ገንዘብ ጠፍቶበት ነው ብላችሁ አትዘኑለት። የምርምር ሰው ይሆናል። ኢሕአዴግ አገሩን በሚመራበት፣ ልማት ልማት በሚባልበት፣ እኛም አንድ ለአምስት ተደራጅተን ለስብሰባ በምንጠራበት ጊዜ ከተማችን አጥኚ አጥታ አታውቅም። ሐይቁን የሚያጠና አለ። ዓሣውን የሚያጠና አለ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ብትወርዱ ደግሞ አጥማጆቹ የጣሉትን የዓሣ አንጀት ለመልቀም የሚጋፋውን አባ ኮዳ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚቆጥር ጎልማሳ አለ። አባ ኮዳን ታውቁት የለ? ያ ራሰ በራው፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስለው ትልቅ ወፍ። ሰውየው ግማሽ ሲደርስ ወፎቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ እሱም እንደ አዲስ ይጀምራል። አበል ይከፈለዋል አሉ። እኔ የሰፈሩን መግቢያና መውጫ ስከታተል ኖሬ አበል የሰጠኝ የለም። ያተረፍኩት ስም ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር የምትኖር ዘመዴ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት አጥኚ ልጅ መጣች። የጉማሬ ነገር ነው የሚያሳስባት። የት ይግጣል፣ በየት ይወጣል፣ መቼ ይመለሳል ብላ ጠየቀችን። እኔ ነኝ የመለስኩላት። ሲመሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፣ መንገዱን አይለውጥም፣ መንገዱ ላይ ከቆሙበት ግን መከራ ነው አልኳት። ደስ ብሏት ጻፈች። የዘመዴ ባል ወደዚያ ዞሮ ተቀምጦ ነበር፤ የልጅቷን ጥያቄ አልሰማም፣ የእኔን መልስ ብቻ ነው የሰማው። እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ ግን ስትሄድ አንድ ነገር ብላን ሄደች። ጉማሬው ወደ ሰው ጓሮ የሚመጣው ጠግቦ አይደለም፤ የሚግጠው ሳር ላይ ሰው ቤት ሠርቶበት ነው አለች። ዘመዴ ቤቷን ዞር ብላ አየች። ሳር ላይ ነው የተሠራው።

ጉማሬውን ተዉት። ላወራችሁ የፈለግኩት የበረከትን ነው።

በረከት ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ቀጭን፣ ትሁት ልጅ ነው። የሚያጠናው የመሬትን ሆድ ነው፤ ድንጋዩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ። እኛ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለነው የቧንቧ ውሃ ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣልን። ስለዚህ የእትዬ አስቴር የግቢ ጉድጓድ ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ አስቴር ባሏ የሞተባት፣ ከከምባታ የመጣች፣ ጸሎተኛ ሴት ናት። በረከት በየጊዜው እየመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ጫፉ ላይ ብረት ያለበት ረጅም ሜትር ይሰዳል። ብረቱ ውሃ ሲነካ ሲጥ ይላል። ልጁ ይጽፋል፣ አመስግኖ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ አስቴር አላመነችውም። ውሃ ሳይቀዳ ውሃ የሚለካ ሰው ግብር ሊጥልብኝ ነው ብላ ለሳምንት ስትጸልይበት ነበር። ኋላ ነው የለመደችው።

ከጉድጓዱ ብዙ የምትቀዳው ጎረቤቷ ዘይነባ ናት። የዘይነባ ባል ነስሩ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። ጨዋ የስልጤ ልጅ ነው፤ ገበያው ግን አንድ ቀን ቢቀና ሦስት ቀን ያኮርፋል። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ፔንስዮን አንሶላውን እሷ ዘንድ ያሳጥባል። ልጆቿ የሚማሩት በአንሶላ ነው ማለት ይቻላል። አንሶላ ደግሞ ብዙ ያወራል፤ ዘይነባ ግን አታወራም። በዚህ በጣም ትበድለኛለች።

ክረምቱ ገባና አንድ ቀን ያ የሚያስፈራው ዝናብ ዘነበ። ጠዋት እትዬ አስቴር ስትነሳ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰንጥቋል። እጅ ያስገባል። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነስሩ አጥሩ ሥር የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቤቴን ከሥሩ ጎትቶ ጣለው አለች። ነስሩም ጉድጓድ ቤት አይጎትትም ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልናገርም። እሷ፣ አንተ የምትሸጠው የሙታን ልብስ ነው አለችው። እሱ ደግሞ ቤትሽን የሰነጠቀው ጎህ ሲቀድ ስትጸልዪ የምታወጪው ድምፅ ነው አላት። ከዚህ ሌላ ምንም አልተባባሉም።

እትዬ አስቴር ገበያ ሄደች። ጓጉንቸር ገዝታ መጣችና የጉድጓዱን ክዳን ቆለፈችው። ለሌላው ጎረቤት ትከፍታለች፤ ለዘይነባ ግን አትከፍትም።

አሁን ዘይነባን አስቡልኝ። አንሶላው ግቢዋ ውስጥ ተቆልሏል። የጋሪ ውሃ እየገዛች ብታጥብ የምታገኘው ሁሉ ለባለ ጋሪው ነው። ቧንቧው ጨርሶ ጠፍቷል። የፔንስዮኑ ባለቤት እስከ ሰኞ ካላደረሽልኝ ማጠቢያ ማሽን ላላት ሴት እሰጠዋለሁ ብሎ ልኮባታል። ማሽን ያላት ሴት አንዴ ከወሰደች እንደማትመልስ ዘይነባ ታውቃለች። እኔም ጀሪካን በልብስ ሸፍኜ ላቀብላት አስቤ ነበር። ግን እትዬ አስቴር ዓይኗ ክፉ ነው፤ ለእኔም ይቆለፍብኛል ብዬ ተውኩት።

ሽማግሌ ተላከ። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ አስቴር ግቢ ዳስ የሌለው ሸንጎ ሆነ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዱካሞ ናቸው፤ የሲዳማ ትልቅ ሰው፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ። በነስሩ ወገን አንድ ሐጂ መጥተዋል። የአንድ ለአምስታችን መሪም ሳይጠሩት መጥቶ ወንበር ይዟል። እኔ ስኳር ልበደር ገብቼ ነበር፤ በዚያው ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ቀድሞ አልቋል። ይህን የማውቀው ጠዋት አጥሩ ላይ ሊጥ ማቡኪያዬን ሳሰጣ ዘይነባ ለባሏ ስትነግረው ስለሰማሁ ነው። ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ፣ ጉልበቷን እስማለሁ፣ አንተ አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ አለችው። እሱ ግን ያላጠፋነውን ሲል፣ ያላጠፋነው አንሶላ አያጥብም ብላ ዘጋችው። እትዬ አስቴርም ብትሆን ለስላሳ አስገዝታ ነው የጠበቀቻቸው። ይቅር ልትል ተዘጋጅታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰው ፊት አጥፍተናል እንዲሏት።

ጋሽ ዱካሞ ወሬውን ከሩቅ ጀምረው አጥር ሥር አደረሱት። ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ልክ ያኔ በሩ ተንኳኳ።

በረከት ነው። ሜትሩን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሊለካ መጥቷል። ሰው ሲያይ ደንግጦ ልመለስ አለ። ጨዋ ነው አልኳችሁ። ጋሽ ዱካሞ እንግዳ ከበር አይመለስም ብለው አስገቡት። እሱም ለሁሉም አንገቱን ሰበር አደረገና ሊቀመጥ ሲል፣ በተከፈተው በር የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ታየው። ወንበሩን ረሳው። ሙሽራ ያየ ነው የሚመስለው። እማማ፣ ይህ መቼ መጣ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። ስንጥቁን ተከትሎ ከግድግዳው ጀመረ፣ በመሬቱ ሄደ፣ አጥሩን ዞሮ የዘይነባ ግቢ ገባ። እኛም ተከተልነው፤ ሽማግሌ ሁሉ ተነሥቶ። ስንጥቁ ቀጭን ነው እንጂ አልተቋረጠም። የነስሩን ጉድጓድ በጎን አልፎ፣ በአንሶላ ማስጫው ገመድ ሥር ሥሩን ሄዶ፣ ወደ መንገዱ ይወጣል። መንገዱን ተሻግሮ የእኔ በር ጋ ሲደርስ ይቆማል። ይህን አልወደድኩትም።

በረከት ደስታውን መደበቅ አቃተው። ጉድጓዱ ምንም አላደረገም አለን። ይህ አገር ከታች ሲሳሳብ የኖረ ነው፣ ከሥር የቆየ ስንጥቅ አለ፣ ከባድ ዝናብ ሲገባበት የላዩን አፈር ይዞት ይወርዳል፣ ማንም አላጠፋም አለ። ማንም አላጠፋም ሲል ምሥራች የነገረን መስሎታል።

ተመልሰን ስንቀመጥ ዕርቁ የለም። ነስሩ አፉን ለቀቀ። እንግዲያው በከንቱ ነው የተሰደብነው፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት አለ። እትዬ አስቴር ደግሞ ቤቴ ተሰንጥቆ እኔው ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ለስላሳውን ወደ ጓዳ መመለስ ጀመረች። ዘይነባ እኔ ግን አጥፍቻለሁ አለች፤ ማን ይስማት? አላጠፋሽም፣ ልጁ በሳይንስ አረጋግጧል ይሏታል። ምስኪን፣ ጥፋቷን ቀሟት።

የአንድ ለአምስቱ መሪ ነገሩን ላብርድ ብሎ መሬት አጠፋች ከተባለ ማንንም አይመለከትም አለ። ነስሩ ዞር አለበት። በየስብሰባው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ትሉን የለ፣ እንግዲያው ባለቤቱ መጥቶ ጉልበት ይሳም አለው። መሪው ትንሽ አሰበና፣ የሕዝብም ነው ተብሏል እኮ፣ የጥፋቱ ግማሽ የእናንተው ነው ብሎ መለሰ። 

ጋሽ ዱካሞና ሐጂው እኛ እንዳንሰማ በሲዳምኛ ተማከሩ። ሐጂው በንግድ ስለኖሩ አቀላጥፈው ያወራሉ። እኔም ገበያ ውሎዬ ስለሆነ ግማሹን ይዣለሁ። ጥፋተኛ ሳይኖር ዕርቅ አስታርቀው እንደማያውቁ ነው የተነጋገሩት። ከዚያ ጋሽ ዱካሞ ወደ በረከት ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህችን መሬት ታውቃታለህ?»

«እያጠናኋት ነው፣ አባባ።»

«እዚህ ካለነው ከአንተ የበለጠ የሚያውቃት አለ?»

«እንግዲህ… የለም መሰለኝ።»

«በቃ፣ ዘመዷ አንተ ነህ። ተነሥና ስለ እሷ ይቅርታ ጠይቅ።»

በረከት ሳቀ። የሳቀ ሌላ ሰው እንደሌለ ሲያይ ተወው። እኔ የማጠናት እንጂ የማዛት አይደለሁም ሊል ሞከረ። ሐጂው ዘመድ ሁሉ እንዲያ ነው አሉት። ዘይነባን አየ። ዘይነባ አንሶላውን ታያለች። ተነሣ። መጀመሪያ እትዬ አስቴር ፊት፣ ቀጥሎ ነስሩ ፊት ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። መሬት አጥፍታለች፣ ይቅር በሏት አለ። ድምፁ ሁሉ የተለወጠ መሰለኝ።

እትዬ አስቴር ፊቷ ሊፈታ ነበር። ግን ሥርዓት አዋቂ ናት፤ ዕርቅ ያለ ቃል አይጸናም።

«ሁለተኛ አትደግምም?» አለችው።

ወደ ግድግዳው ዞሮ ስንጥቁን አየ። ሐጂው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘይነባ በዓይኗ ለመነችው፤ በል እንጂ፣ አንድ ቃል ነው፣ ማን ሊጠይቅህ ነው በሚል ዓይን። እኔ ብሆን አሥር ጊዜ ምዬ ነበር።

«እሱን ቃል መግባት አልችልም፣ እማማ» አላት። «ትደግማለች።»

አለቀ አልን። ሰኞም አንሶላውም አለቀ። ነስሩ ጫማውን ፈለገ። እትዬ አስቴር ልጁን አተኩራ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። ሟች ባሏ ሲያስቀይማት እየማለ ስንቴ እንደታረቃት፣ እህቷ ስንቴ እንደማለችላት፣ ሁሉም አልደግምም እንዳሉና ሁሉም እንደደገሙ ነገረችን። ጉልበቴን ስሞ እንደሚደግም ፊት ለፊት የነገረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው አለች። እንዲህ ያለውን ይቅር ካላልኩ ማንን ልል ነው ብላ ከደረቷ ቁልፉን አወጣች።

ሽማግሌዎቹ ምርቃት ጀመሩ። ዘይነባ ግን አሜን ያለችው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና ነው፤ ገመዱን ለቃዋለች። በረከት ቆይ፣ ሳትቀጂ ልለካው፣ ልኩ ይበላሽብኛል እያለ ሜትሩን ይዞ ሮጠ። ዛሬ አንተም እንደ መሬቷ ይቅር በለኝ ብላው ባልዲዋን ጎተተች። ሰኞ ጠዋት አንሶላው ታጥፎ መናኸሪያ ገባ።

መሬቷ ቃሏን ጠበቀች፤ በሚቀጥለው ክረምት ደገመችው። ስንጥቁ ሰፋ። ጓጉንቸሩን ፈልጋ ታወጣለች ብዬ እትዬ አስቴር ዘንድ ሄጄ ነበር፤ እንዲሁ ለመጠየቅ። ልጁ ትደግማለች ብሎን አይደል፣ በደገመች ቁጥር ዘይነባን ልዘጋባት ነው ወይ አለችኝ። ግድግዳውን በጭቃ ስታስደፍን ዘይነባ ባልዲ ታቀብላታለች። ለወሬ የሚሆን አንድ ክፉ ቃል ሳላገኝ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ በረከትን አገኘሁት። ስንጥቁ የሚቆምበት ቦታ፣ የእኔ በር ጋ፣ ተንበርክኮ ይለካል። ጎረቤቶቼ ስለተጣሉ ይቅርታ ተጠየቁ፤ እኔ ከማንም ስላልተጣላሁ ማን ጉልበቴን ይስማል ብዬ ጠየቅኩት። ብድግ ብሎ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በአክብሮት እጅ ነሳኝ።

«ወደ እርስዎ ግድግዳ ገና አልደረሰም፣ እትዬ» አለኝ። «ሲደርስ መጥቼ እስማለሁ።»

አስተዳደጉን አይታችሁልኛል?