ሰዓቱ ለማን ይታሰር?

እሑድ፣ ጥር 16 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ በአባታችን ሳሎን።

የተገኙ፦
አባታችን፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፦ ሰብሳቢ (ሌላ ሰው ሲመራ ረግጠው ስለሚወጡ)
ታላቅ ወንድም፦ በስልክ፤ በአካል ያልተገኘ፣ በድምፅ ግን ከሁሉም የበለጠ
እህት፣ የባንክ ሠራተኛ
የእህት ባል፣ ካሜራ ገጣሚ
ታናሽ ልጅ፣ ከአባቷ ጋር የምትኖር፦ ጸሐፊ (ሥራ የላትም ተብሎ)

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ተጀመረ። ሰብሳቢው የመርሳት ሕመም ስላለባቸውና ስለ ራሳቸው ሲወራ ስለሚቆጡ፣ «አንድ አዛውንት» ተብለው እንዲጠሩ አስቀድመን በሹክሹክታ ተስማምተናል።

አጀንዳ 1፦ ካሜራ ስለመትከል። ታላቅ ወንድም አዛውንቱ ባለፈው ሳምንት ከቤት ወጥተው አውራ ጎዳና መሀል መገኘታቸውን አስታውሶ፣ በየክፍሉ ካሜራ እንዲገባ ጠየቀ። ያገኘኋቸው እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ይህ ግን በአጀንዳ አልተያዘም። የእህት ባል መታጠቢያ ቤትም ይጨመር አለ። እህት «አንተ ሰውዬ፣ ነውር አታውቅም?» የሚል አስተያየት ሰጠች። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ብቻ እንዲቀዳ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስክሪኑን ማን ይመልከት? ታላቅ ወንድም ስብሰባ እንደሚበዛበት፣ እህት መሥሪያ ቤቷ ስልክ እንደሚከለክል፣ ባሏም የሱ ሥራ መግጠም ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ጸሐፊዋ ሊቀጥራት የተስማማው ልብስ ስፌት ቤት ቦታዋን ከነገ በላይ እንደማያቆይላት አስረድታ፣ ይህ ሁሉ መሣሪያ እሷን ከቤት ካላስወጣ ምን ይረባል ስትል ጠየቀች። ጉባኤው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጸሐፊዋ ሳሎን ቁጭ ብላ ሳሎኑን በስልክ እንድትከታተል ተወሰነ። ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ተፈቅዷል፤ ሰፍሯል።

አጀንዳ 3፦ ያሉበትን ቦታ የሚጠቁም የእጅ ሰዓት። አዛውንቱ ተኝተው ሳለ ይታሰርላቸው ሲባል ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ።

«ሰውዬው ተጠይቋል?»

አልተጠየቁም ተባለ።

«ልጆች የሉትም እንዴ?»

እህት አንገቷን ደፍታ «ሦስት አሏቸው» አለች።

«ታዲያ ሰዓቱን ለነሱ እሰሩላቸዋ! እሱማ ቤቱ ነው። የት እንደገቡ የማይታወቁት እነሱ ናቸው።»

ታላቅ ወንድም በስልኩ ወደ ውሳኔው እንለፍ አለ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሰብሳቢው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ባሳሰቡት መሠረት፣ እስካሁን የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ ልጆቹ በየተራ በአካል እንዲጠብቁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከነገ ማን ይጀምር ሲባል የታላቅ ወንድም መስመር ተቋረጠ። እህትና ባሏ መንገዱ ሳይጨናነቅ ብለው ተነሡ።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ያ ሰውዬ ብቻውን እንዳይሆን። እስቲ ሄደሽ እዪልኝ።»

በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ደህና ናቸው አልኳቸው።

«ማን አለ አብሮት?»

«ልጃቸው።»

«ጎሽ። አደራ በያት፤ ትታው እንዳትሄድ።»

ነገርኳት።