ምርቃት የሚያስረዝሙ ሽማግሌዎች

አንባቢዬ ሆይ፣ ወጣት ተሰብስቦ ባየ ቁጥር ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሽማግሌ በእናንተ ሰፈር የለም? በእኛ ከተማ በመካነ ሰላም ሞልቷል። እኔ ግን ሁሉንም አስከነዳለሁ፤ ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ፣ አንደበቴ የሚጣፍጥ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ወጣቶች ጎርፍ የጎረቤታችንን የዘይነባን ቤት እንዳይገባ ቦይ ሊቆፍሩ ወጡ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ሥራ አይጀመርምና እኔን ጠሩ። አካፋቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ከአዳም ጀምሬ ለከብቱ፣ ለአዝመራው፣ ዓረብ አገር ላሉት ልጆች ሁሉ መረቅሁ።

«አባባ፣ ደመናው ከብዷል፤ ያሳጥሩልን» አለች አስተባባሪያቸው ጦይባ።

«ምርቃት ይቆረጣል እንዴ፣ ልጄ? ዝናቡን ያትረፍርፍልን!»

«አሚን!» አሉ፤ ምን ያድርጉ?

ዝናቡ ወረደ። ቦዩ ሳይጀመር ጎርፉ ዘይነባ ቤት ገባ። ወጣቶቹ የራሰ እህሏን ተሯሩጠው ሲያወጡ እሷ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባ፣ ዱዓዎ ደረሰ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

ጦይባ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ይዛ፣ «ይበሉ አባባ፣ አሁን ዝም ብለው በዚያ በኩል ያንሱ» አለችኝ።

ዝም ብዬ አነሳሁ።