አንድ ራውተር፣ ሁለት ዐሥር ቁጥር

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ስልኩ ብቻውን ውጭ አገር ይሄዳል። ቀልዴን አይደለም። ድልድዩ አጠገብ ቤት ተከራይታችሁ ሞክሩት። የማዶው አንቴና በርታ ባለ ቁጥር ስልካችሁን ይጠራዋል፤ እሱም ብድግ ብሎ ይሄዳል። ወዲያው «እንኳን ወደ ሱዳን በደህና መጡ» የሚል መልእክት ይደርሳችኋል። የት ሄጄ? ከነቢጃማዬ ነኝ እኮ! ይባስ ብሎ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንድ ጠዋት በዚሁ ሰዓት ተማምኜ አረፈድኩና አለቃዬን «ስልኬ ማዶ ገላባት ሄዶ ነው» አልኩት። «አንቺስ የት ነበርሽ?» አለኝ።

ሥራዬ የኔትወርክ ጥገና ነው። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኝና ገና መመለስ ስጀምር ያዛጋል። ያናድደኛል። ስለዚህ ዛሬ ሳታዛጉ ትሰሙኛላችሁ፤ ነገሩ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው።

ራውተር ማለት መንገድ ጠቋሚ ነው። መልእክት ይመጣና «ዐሥር ቁጥር ቤት በየት በኩል ነው?» ይለዋል፤ እሱም «በዚህ ታጠፍ» ይላል። በቃ። ታዲያ አንዱን ራውተር ከውስጡ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ሳጥኑ ያው አንድ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን የማይተዋወቁ ሁለት አገሮች ይኖራሉ። የአንዱን መንገድ ሌላው አያውቀውም። መተማ ዐሥር ቁጥር ቤት አለ፤ ገላባትም ዐሥር ቁጥር ቤት ሊኖር ይችላል። ማን ከማን ተምታታ? ነገሩ ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት ያስተማሩን።

አሁን ወደ ጋሼ ፈንታሁንና ወደ እትዬ ጥሩነሽ። ጋሼ የትራክተር መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ከአብርሃ ጅራም ከገለጉም ገበሬው የተሰበረውን ብረት ፎቶ አንሥቶ ይልክላቸዋል፣ እሳቸውም አዲሱን በመኪና ይልኩለታል። እትዬ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ አልጋ ያከራያሉ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖረው በስተርጅና ተፋቱ። በምን? በጎማ! የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ አገር ምድሩ ከደጋ በወረደ ሠራተኛ ተሞልቶ አልጋ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ጋሼ ክፍሎቹን በትራክተር ጎማ ሞሏቸው። እትዬ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያንከባለሉ ወደ አስፋልቱ ለቀቋቸው። አንዱ ጎማ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ እጁን ሰጠ ይባላል። ይህን እንኳ አላየሁም።

ሽማግሌዎች ለመኑ፣ አልሆነም። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ታከለ በመጨረሻ «እንግዲያው እኩል እናካፍላችሁ» አሉ። ግቢው መሐል ለመሐል በቆርቆሮ ታጠረ። የቀረው ራውተሩ ብቻ ነበር። በረንዳው ምሰሶ ላይ፣ ልክ ድንበሩ ላይ ተሰቅሏል። አንዳችሁ አዲስ ግዙ ስላቸው ሁለቱም ተቆጡ። ለካ አዲስ የገዛው የተባረረው ነው ተብሎ ይወራበታል!

ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩላቸው። ሥራው አምሮልኝ ነበር። እስከ ካሜራው ድረስ ማለት ነው። የግቢው የካሜራ መቅረጫ እትዬ ዘንድ ቀረ፤ ራውተሩ የሚያውቀው በዐሥር ቁጥር ነው። ጋሼ በሱቃቸው በኩል ላሉት ካሜራዎች አዲስ መቅረጫ ገዙ። ዐሥራ አንድ ልበለው ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለሷ ዐሥር፣ ለኔ ዐሥራ አንድ? እኔ ተከታይ ነኝ? እኩል ነው የተባልነው! አያ ታከለን ጥሪልኝ!»

አያ ታከለ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ራውተሩን ወደ ላይ አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ለሁለቱም ዐሥር ስጫቸው» ብለው ፈረዱ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ጉድ ነው፤ በአንድ መንደር ሁለት ዐሥር ቁጥር ካለ መልእክቱ መግቢያ አጥቶ ይንከራተታል። ግን ሁለት አገር አድርጌያቸው የለ? ሰጠኋቸው። ጋሼም «ኸላስ፣ አለቀ!» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል። ይህን ያለው ሰው የካሜራ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ጥሩነሽ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እናቴ፣ በዚያ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ብጤ ይኖራል?» አሉኝ። ለካ ድሮ በስልካቸው ግቢውን በሙሉ ያዩ ነበር፤ አሁን የሱቁ በኩል ጠፋባቸው። «ለሱ ብዬ እንዳይመስልሽ። ያ ሰውዬ በሩን ሳይዘጋ ነው የሚተኛው። ሌባ ቢገባ የኔን ቆርቆሮ ነው የሚዘለው። ደግሞ እንዳትነግሪው!»

እሳቸው በወጡ ማግስት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? «ለሷ ብዬ አይደለም» አሉ ጋሼ ገና ሳይቀመጡ። «አገሩ በእንግዳ ተሞልቷል። ሰካራም በሯን ቢደበድብ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። በሯን ብቻ፣ ሌላ አልፈልግም። እንዳትነግሪያት ታዲያ!»

ምን ላድርግ? የሱቁን በረንዳ ለእትዬ፣ የእትዬን በር ለጋሼ ከፈትኩ። ሁለቱም መቅረጫዎች ዐሥር ስለሆኑ አንዱ ወደ ሌላው አገር ሲሻገር በሌላ ቁጥር እንዲታወቅ አደረግሁ። የክርስትና ስም እንደማውጣት ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ስም። ቀዳዳዎቹን ጨርሼ ስስቅ አለቃዬ ምን ሆንሽ አለኝ። ያዛጋል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ደወሉልኝ። «ካሜራሽ ተበላሸ! ከነጋ ጀምሮ አንድ ሥዕል ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሰውዬው አልጋው ላይ አለ፤ አይነሣ፣ አይቀመጥ!»

ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቆመን ስልካቸውን አየሁት። ጋሼ በረንዳቸው ላይ በገመድ አልጋ ተጋድመዋል፤ ጋቢ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። በመተማ ሙቀት ጋቢ የሚከናነብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሥዕሉን ትክ ብዬ ስመለከት አንዲት ዶሮ ከአልጋው ሥር ወጥታ እየጫረች አለፈች።

«እትዬ፣ ካሜራው ደህና ነው» አልኳቸው። «ዶሮዋ ትሄዳለች።»

ፊታቸው ሲነጣ አየሁ። በአስፋልቱ ዞረው በሱቁ በር ሊገቡ ይችሉ ነበር። አልዞሩም። «ፈንታዬ!» ብለው ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ገነጠሉት። እኔ ሚስማር እንዳይወጋቸው ስሠጋ እሳቸው አልፈዋል። ተከትያቸው ስደርስ ጋሼ በወባ እንደ ምድጃ ይነዳሉ፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ስልካቸው በእጃቸው ነው። እትዬ ስልኩን ሊቀበሏቸው ሲሉ ቆም አሉ። ስልኩ ላይ የእትዬ በር ነበር የሚታየው።

እትዬ እንባቸው መጣ። እኔ ባጃጅ ጠራሁ፣ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ትንሽ ብትቆዩ ወደ ጭንቅላታቸው ይወጣ ነበር አለን ሐኪሙ። እትዬ ከዚያ አልጋ አጠገብ እስከሚሻላቸው ድረስ አልተነሡም። ጋሼ ዐይናቸውን የገለጡ ቀን «መቼ ነው ቀዳዳውን ያስከፈትሽው?» አሏቸው። «ካንተ በፊት» አሉ እትዬ፣ እየኮሩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አያ ታከለ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ዕርቁ በእኛ ምክር ነው ብለው በየቤቱ አስወሩ። ይሁን፣ ሽማግሌ ናቸው። በግ ታረደ፤ እኔም ተጠራሁ። ምሳ እንደተበላ ጋሼ ወደ ራውተሩ ጠቆሙ። «በይ ልጄ፣ አሁን አንድ አድርጊው። አንድ ቤት፣ አንድ አገር።»

«አንድ ከሆነማ ሁለት ዐሥር ቁጥር አይሆንም» አልኩ። «አንዳችሁ ዐሥራ አንድ መሆን አለባችሁ።»

«እኔ ልሁን» አሉ ጋሼ ፈጥነው።

«እኔ እያለሁ? እኔ እሆናለሁ!» አሉ እትዬ።

«የለም ጥሩዬ፣ ዐሥር ያንቺ ነው። ሞቼ እገኛለሁ!»

«ፊትም ያስቸገርከው አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ቸር ተብለህ ልትመሰገን? አልቀበልም!»

«እኔ ነኝ ያስቸገርኩ?»

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ መሳቁ ቀረ። በር ላይ «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» የሚባለው ልመና አይታችሁ የለ? ያው እሱ ነው፤ እዚህ ግን ድምፁ ከፍ አለ፣ ስለ ጎማ ተነሣ፣ የጎማው ነገር ሲነሣ ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እኔም አውቀዋለሁ። የእነዚህ ሰዎች ድር ግን ገና ላብር ሲል ባልና ሚስት ሊያፋታ ደረሰ!

አያ ታከለ ከዘራቸውን መሬት መቱ። በዚህ ዕርቅ ውስጥ የሠሩት ሥራ ቢኖር ይህ ነው፦ «አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ሳጥን ላይ እጅሽን አንሺ! እንዳለ ይቀመጥ!»

እንዳለ ተቀመጠ። የቆርቆሮው አጥር ፈርሶ የዶሮ ቤት ተሠራበት። ጋሼና እትዬ አንድ አልጋ፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ቤት ናቸው፤ እግዜር ያኑራቸው። ራውተሩ ግን እስከ ዛሬ እንደተፋቱ ነው የሚያውቀው። ታርቀዋል ብሎ የነገረው የለም፤ እኔም ትዳራቸውን ስለምወድ አልነግረውም።