ይጣራ ባዩ ጋሽ ወልደሰንበት

መንግሥት ይለወጣል፣ የቀበሌ ስም ይለወጣል፣ የታክሲ ተራ ይለወጣል፤ «ይጣራ!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። እናንተም ጋ አለ። ዳቦ ሲገዛ በእጁ መዝኖ የሚያጉረመርመው፣ ቆጣሪ አንባቢውን መታወቂያ የሚጠይቀው፣ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከጥሪ ካርዱ ፎቶ ጋር የሚያስተያየው ሰው ነው። እኛ ጋ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው።

ጋሽ ወልደሰንበት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነበሩ። ፋብሪካውን ተሰናበቱ እንጂ ፍተሻውን አልተሰናበቱም። ቀብር ላይ እንኳ ሳጥኑ ከመኪና ሲወርድ ጠጋ ብለው «እሱ ራሱ ነው አይደል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐዘንተኛው ደንግጦ «አዎ ጋሼ» ይላል።

«ጥሩ። መጣራቱ አይከፋም።»

የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር ምርጫ ጣቢያው ብሎካችን ሥር፣ ከዕድራችን በውሰት በመጣ ድንኳን ውስጥ ተከፈተ። ጋሽ ወልደሰንበት ከቤታቸው የእንጨት ዱካ ይዘው ወረዱና መግቢያው አጠገብ ተቀመጡ። ማንም አልሾማቸውም። ሊያስነሣቸው የደፈረም የለም።

ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ሃዊ ልትመዘገብ ስትመጣ መታወቂያዋ ገና አልወጣላትም ነበርና የሰፈር ምስክር አስፈለጋት። ከምስክሮቹ አንዱ እንዲሆኑላት ለመነቻቸው።

«እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ይጣራ! እስቲ ንገሪኝ፤ ውሃችን በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው?»

«እኔ እንጃ! ስወጣ የለም፣ ስገባ የለም። ባለፈው መጣ ብለውኝ ጄሪካን ይዤ ስሮጥ ሰርቪሱም አመለጠኝ፣ ውሃውም ሄደ።»

ጋሽ ወልደሰንበት ከዱካቸው ተነሥተው ወደ መዝጋቢው ዞሩ። «የሰፈር ሰው ናት! ጻፋት፤ እኔ እመሰክራለሁ።»

ባጃጅ ነጂው ዱሬሳ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ በሕይወት መኖርዎ ተጣርቷል?» ቢላቸው ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡትና «ፎቶውን አስተያይ» አሉት። «ጨረስክ? በል ያንተን ደግሞ አምጣ።» አልያዘም ነበር። ቤቱ ድረስ ሄዶ አመጣ።

እኔን ግን ብቻዬን ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «የሞተ ሰው የምርጫ ካርድ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ልጄ። እግር ያወጣል። እግር ካወጣ ደግሞ መንገዱ ወደ ኮሮጆው ነው። ታዲያ እኔ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ የሰጠሁት ድምፅ ምን ሊሆን ነው?»

እውነታቸውን ነው። የተመረቅሁት በመዝገብ አያያዝ ነው፤ እንጀራዬም የሆስፒታል ማህደር ነው። ሟችና ሕያው የተደባለቀበት መዝገብ ምን እንደሚያመጣ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ግን ሳህሌ ነበር።

ባለቤቴ ሳህሌ ካርዱን እንዳወጣ ቴሌቪዥኑ ጎን አቆመውና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ተከብሬ ነው የምኖረው» አለኝ። ምዝገባው በተዘጋ ሰሞን ሞተ። ድንኳኑ ከምርጫ ጣቢያው ተነቅሎ እኔ ደጅ ተተከለ፤ ከእኔ ደጅ ተነቅሎ ደግሞ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ፣ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ስሙ መሰረዝ አለበት። የምታመለክተውም ሚስቱ ናት። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ በድንኳኑ ፊት ጠዋትና ማታ አልፋለሁ፤ አልገባም። ሥራ ቦታ የስንቱን ሰው ማህደር ወደ ሟቾች መደርደሪያ ያዛወርኩ ሴት፣ የአንዱ አቃተኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ጋሽ ወልደሰንበት ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች መዝገቡን ጮክ ብለው ያነባሉ። በየስሙ ቀና ይላሉ።

«አለ?»

«አለ!»

«አለች?»

«ዐረብ አገር ሄዳለች!»

«ይጣራ!»

እንደገና ቀና ሲሉ ዓይናችን ተገጣጠመ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ወይዘሮ ፍቅርተማርያም!» አሉ። «አለች?»

እኔ ነኝ። ስንመዘገብ ሳህሌ ከፊቴ ነበር የተሰለፈው።

«አለሁ» አልኩ። «ግን ጋሼ፣ ከእኔ በፊት አንድ ስም ዘለሉ።»

ፋብሪካው በር ላይ ስንት ዘመን ሙሉ አንዲት ድውር ክር ያላሳለፉ ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «አልታየኝም። ይሄ መነጽር...»

ገና ሰሞኑን ያሠሩት መነጽር ነው።

«ይጣራ» አልኳቸው።

የሳህሌን ስም እስከ አያቱ አነበቡ፤ ቀስ ብለው። «አለ?» አላሉም። ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መዝጋቢው የሞት ማስረጃውን አይቶ እስክሪብቶውን አነሣና ስሙን ሊያጠቁረው ሲል ጋሽ ወልደሰንበት እጁን ያዙት።

«ቀስ! እንዲህ አይደመሰስም። በማስመሪያ አንድ መስመር ብቻ አስምርበት፤ ስሙ ከሥር ይነበብ። ሰውየው በሐሰት የገባ አይደለም። በእግሩ መጥቶ ነው የተመዘገበው።»

እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። መስመሩ ተሰመረ። ጋሽ ወልደሰንበት አጎንብሰው ቀጥ ማለቱን አዩ፤ ከዚያ ዱካቸውን ወደ እኔ ገፉልኝ።

የምርጫው ዕለት ማልጄ ወረድኩ። እሳቸው ከእኔም ቀድመው ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ልቆም ስል በእጃቸው ትንሽ ራቅ አደረጉኝ፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ቀረ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ያ ቦታም አብሮን ይንቀሳቀሳል። ዱሬሳ አየውና ሹልክ ብሎ ሊገባበት መጣ።

«እዚህ ሰው አለ» አሉት።

«የታለ ጋሼ? እኔ አይታየኝም። ይጣራ እንጂ!»

«ተጣርቷል» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «ከኋላ ተሰለፍ።»